አንድ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?



በ2005 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ አገር አንድ የ16 ዓመት ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናውን ውጤት ሲጠባበቅ ሳለ፥ የእጅ ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ተደብድቦም እንዲያምን ተገደደ፤ በ2013 ሞት ተፈረደበት። ይህን የሰሙ፥ ፊቱን እንኳ ያላዩት ሰዎች፥ ከብዙ አገሮች ለዴልታ ግዛት ገዢ ከ800,000 በላይ መልእክት ላኩ። ገዢውም በ2015 ምሕረት አደረገለት።

እኛም ዛሬ ውጤታችንን የምንጠባበቅ ነን። ነገ ለሥራ ማመልከቻ እንጽፋለን። ነገር ግን ብዕር መያዝ የተማርነው ለራሳችን ብቻ ልናመለክትበት አይደለም። መልስ ባይመጣ እንኳ፥ የታሰረው ሰው እንዳልተረሳ ያውቃል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ደብዳቤ ቢያብር ግን እስረኛ ያስፈታል።