የማዳበሪያው ዋጋ ከየት ወዴት?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የመሠረታዊ ማኅበር አባል ካደረጉት ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ እንድናገር ሲጋብዘኝ ስለ ዩኒየኑ ታሪክ እንዳወራ አልጠየቀኝም፤ እሱን የሚያውቁት አሉ። «ስለ ኑሮውና ስለ ጊዜው ጉዳይ የሚሰማዎትን ይናገሩ» ነው ያለኝ። የሚሰማኝን እናገራለሁ፤ ቅር የሚለው ቢኖር ከምሳ በኋላ እንወቃቀስ።

በእንዲህ ያለ በዓል ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የማይል ተናጋሪ የለም። እውነት ነው። ግን ሃምሳ ሰው ሎሚውን ሲያነሣ፣ ሎሚው በስንት እንደተገዛ ሃምሳውም ማወቅ አለበት። የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

ዛሬ በገበሬው ቤት ወሬ ሞልቷል። ሬዲዮ አለ፣ ስልክ አለ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚደውል ልጅ አለ። ከቅዳሴ መልስ ዐፀዱ ሥር ቆመን የምናወጋው ከበሬና ከዝናብ ቀጥሎ ስለ ዶላርና ስለ ጦርነት ሆኗል። ከተሜው ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ስናን ላይ ገብስ ለሚያርስ ሰው ዩክሬን ምኑ ናት?» ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ምኑ እንደሆነች ላስረዳ።

ዩሪያ የምንለው ነጭ ፍሬ በብዛት የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከመቶ ኪሎው አርባ ስድስቱ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ከአየር ይወሰዳል፤ እሱን አስሮ ማዳበሪያ የሚያደርገው ግን ከጋዙ የሚገኘው ነገር ነው። ስለዚህ ጋዝ በተወደደበት ዓመት ዩሪያ ሊረክስ አይችልም። ብዙዎቻችን አሁንም «ዳፕ» እያልን የምንጠራው ኤን.ፒ.ኤስ. ደግሞ ፎስፈረሱ ከድንጋይ ይወጣል፤ ሀገራችን በብዛት የምትገዛው ከሞሮኮ ነው። ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬን ላይ ጦርነት በከፈተች ጊዜ ጋዙም ማዳበሪያውም አብረው ሰማይ ነኩ፤ ሩሲያ በሁለቱም ከዓለም ታላላቅ ሻጮች አንዷ ናትና። በዚያ ዓመት መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጉሞም እንኳ፣ ገበሬው በመጋዘኑ በር ላይ የሰማው ዋጋ ካምናው ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም።

ያ ሳይረሳ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ በዶላር ይገዛል፤ የእነማይና የደጀን ጤፍ፣ የደብረ ኤልያስ በቆሎ በብር ይሸጣል። ዶላር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ታዲያ ምን ያስቃል? የሚዘራውን እያሰላ ነው።

ስለዚህ ገበሬው በዓለም ጉዳይ አስተያየት ቢኖረው የሚገባው ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ፣ ይህን ሁሉ ከሬዲዮ የሚያውቅ ሰው የራሱ ማኅበር የሸጠለት አንድ ኩንታል ዋጋ ከምን ከምን እንደተደመረ አለማወቁ ነው። የግዢ ዋጋ አለበት። ከጅቡቲ እስከ እኛ መጋዘን ማጓጓዣ አለበት። ጫኝና አውራጅ አለበት። የባንክ ወለድ አለበት። የዩኒየኑ ድርሻ፣ የመሠረታዊ ማኅበሩ ድርሻ አለበት። ይህ ሁሉ የሚያሳፍር ወጪ አይደለም፤ ማኅበር በአየር አይኖርም፣ መጋዘን ጠባቂም ደመወዝ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ አባሉ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ቁጥር ብቻ ነው። የቀረውን ወሬ ይሞላዋል። «ሊቀ መንበሩ በላው»፣ «ዩኒየኑ ጨመረበት»፣ «ወረዳው አዘዘ» ይባላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚጎዳው ማን ነው? ሐቀኛው ጸሐፊ ነው፤ ስሙ በከንቱ ይጠፋል። የሚበላ ሰው ካለ ደግሞ በዚያው ጭጋግ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

አያቶቻችን ወንፈል ሲገቡ ደብተር አልነበራቸውም። ሆኖም ማን የማንን ማሳ ስንት ቀን እንዳረመ፣ ማን በሬውን አምጥቶ ማን ራሱን ብቻ ይዞ እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም። የወንፈል ዕዳ ሳይከፍል የከረመ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ማሳው በአረም ይዋጥ ነበር። እድርም እንደዚያው ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ ገቢና ወጪውን ቆሞ ያነባል፣ ያልገባው እጁን ያወጣል። እኛ ትልቅ ስንሆን፣ ማኅተምና ኮምፒውተር ስናገኝ፣ ይህን ልማድ ከደጃፍ ላይ ጥለነው መግባት የለብንም።

ይህ የኔ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ ጎጃም ያየው ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሀገሩ ለምን እንደተነሣ ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ያየ ይኖራል። ሰዉን ያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ሊለካ ነው፣ ርስቱ ሊነካ ነው የሚል ሥጋት ነበር፤ ያንን ሥጋት ደግሞ ቀርቦ አስረድቶ የሚያበርድ የታመነ ሰው አልነበረም። ጦር ተላከ፣ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፤ በመጨረሻ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። በደርግ ዘመንም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ይጥል ነበር። ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ አስረክቧል። ያን ጊዜም «ኅብረት» የሚል ቃል ነበር፤ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይባል ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አባላቱ ምን አደረጉ? በሬውንና መሬቱን ተካፍለው ተበተኑ። ለዓመታት የተገነባው በሳምንታት ፈረሰ፤ አባሉ የኔ ነው አላለውማ።

ዛሬ ያለነው በሌላ ሕግ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 ጀምሮ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ማኅበሩ የአባላቱ ነው፤ አንድ አባል ብዙ ዕጣ ቢገዛም ድምፁ አንድ ነው። መልካም ሕግ ነው። ግን በወረቀት ላይ ባለቤት መሆንና በመጋዘኑ በር ላይ ባለቤት መሆን ይለያያል።

እዚህ ላይ ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮች አንድ ነገር ላንሣ፤ እንግዶች ናችሁና በትሕትና ነው። ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣን ገበሬ «መጀመሪያ ይህን መዋጮ ክፈል፣ ያንን ደረሰኝ አሳይ» ብሎ መመለስ በየቦታው ታይቷል። መዋጮው ለመንገድ ይሁን ለትምህርት ቤት፣ ዓላማው ሊደነቅ ይችላል። ራሱን አስችላችሁ ሰብስቡት፤ ገበሬውም ካመነበት ይከፍላል። ዘር የሚዘራበት ሳምንት ግን አንዴ ነው የሚመጣው። አህያውን ጭኖ የመጣ ሰው ባዶውን ሲመለስ የሚረግመው ማኅበሩን ነው እንጂ መዋጮ ያዘዘውን አይደለም።

ስለ 2015 ዓ.ም. ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘበዋለሁ። በዚያ ዓመት ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ዘግይቶ በክልላችን ገበሬዎች አቤቱታ ይዘው አደባባይ ወጡ። ወዲያው በሐምሌ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ የደረሰውን እያንዳንዳችን በየቤታችን እናውቀዋለን። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መኪና ቆመ። ጠዋት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ስለ እህል ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ማለት ለመደ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን በዚህ መድረክ አልዳኝም፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ እንኳ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንድ አስተያየት ግን አለኝ፤ ለሁሉም ወገን ነው። የማዳበሪያና የዘር መኪና የማንም ጠላት አይደለም። የቆመበት አንድ ሳምንት በመስከረም ሳይሆን በኅዳር አውድማ ላይ ይታያል፤ የሚያለቅሰውም ጠመንጃ ያልያዘው ነው። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ዋጋ የሚናገር ከጠፋ፣ ማዳበሪያው ከመጋዘን ወጥቶ በድብቅ ገበያ በእጥፍ ይሸጣል። በደኅናው ቀን ዋጋውን ያወቀ ሰው በክፉ ቀን አይታለልም።

ዋጋውን ማወቅ ለመተማመን ብቻ አይጠቅምም፤ ለማስላትም ነው። በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በስናን ደጋ ያለው ቀይ አፈራችን ብዙው አሲዳማ ሆኗል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከሀገራችን የእርሻ መሬት ከመቶ አርባ ያህሉ እንደዚሁ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ አፈር ፎስፈረሱን ይይዘዋል፤ ሰብሉ ሳይደርሰው አፈሩ ያስቀረዋል። ስለዚህ ያን ያህል ብር ከፍለን የገዛነውን ኤን.ፒ.ኤስ. ለስንዴው ሳይሆን ለጭቃው እናበላዋለን ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከሞሮኮ አይመጣም፤ በደጀን በኩል የዓባይ ሸለቆ ሞልቶታል። ተፈጭቶ፣ ተጭኖ፣ በወቅቱ ማሳ ላይ ይድረስ የሚል ጩኸት ከማዳበሪያው ጩኸት እኩል ከኛ መውጣት ነበረበት። አልወጣም፤ ምክንያቱም አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ስንት እንደሚያስከፍለንና ስንቱ እንደሚባክን ቁጭ ብለን አላሰላንም። ሌላው አማራጭ ባሕር ዛፍ ተክሎ መሬቱን መተው ነው፤ ብዙ ሰው እያደረገው ነው፣ አልፈርድበትም። ልጁ ግን ግንድ አይበላም።

ደግሞ በሌላው በኩል ያለው ዋጋ አለ፤ የእህላችን። ጤፉ ከተወቃ በኋላ ባሉት ወራት ሁሉም ዕዳውን ለመክፈል ሲያወጣ ገበያው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ያው እህል ተወድዶ እኛው ራሳችን ሸማች ሆነን እንሰለፋለን። ዩኒየኑ ከአባላቱ እህል እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ችግረኛው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ ያላቸው አባላት ብቻ እህል ይዘው በቀሩበት ወቅት ነው። ገንዘብ የሚመጣበት ወር ከአውድማው ወር ጋር ካልገጠመ፣ የዓመቱ የትርፍ ክፍፍል የሚሄደው መጠበቅ ለቻለው ነው። ባንኮች እዚህ ተጋብዛችኋልና ይህን ልብ በሉልን።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ መሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በሽርክና ሲሆን፣ ሲያልቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንደሚያመርት ተነግሯል። ደስ ብሎኛል። በየቤቱ ደስታ ሰምቻለሁ። የያዩን ፋብሪካ ያስታወሰ ጎረቤቴ ግን «ድንጋዩን ሳይሆን ዩሪያውን ሳይ እደሰታለሁ» አለኝ፤ እሱም አልተሳሳተም። ፋብሪካው በሀገር ውስጥ ቢሆን እንኳ ከኦጋዴን እስከ ደብረ ማርቆስ መንገድ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ጫኝ አለ። ያኔም ዋጋው ከየት ወዴት እንደመጣ የሚጠይቅ አባል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለቦርዱ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ይያዝልኝ። ማዳበሪያው መጋዘን በደረሰ ዕለት፣ አንድም ገበሬ ገንዘብ ሳይከፍል በፊት፣ የአንድ ኩንታል ዋጋ ዝርዝር በየመሠረታዊ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የግዢው ስንት፣ የማጓጓዣው ስንት፣ የወለዱ ስንት፣ የዩኒየኑ ስንት፣ የማኅበሩ ስንት፣ ድጎማ ካለ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ቁጥጥር ኮሚቴው ይፈርምበት። ካምናው ዋጋ ጎን ለጎን ይሁን፤ ምን እንደጨመረ እንድናይ። ፊደሉ ይጉላ፤ የኛ ዕድሜ ሰው ዓይኑ ደክሟል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ማንበብ የማይችል አባልም ወረፋ ላይ አለና፣ ጸሐፊው በየጠዋቱ መጋዘኑ ከመከፈቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው።