የአቃቂ ወንዞችና በዳርቻቸው የሚኖረው ሕዝብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የከተማ ቆሻሻና ወንዞቻችን» የሚል ነበር። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ የሊቀመንበሩን ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁላችንም በየዕለቱ ድልድያቸውን እየተሻገርን በምናልፋቸው በሁለቱ የአቃቂ ወንዞች ላይ ብቻ ወስኜዋለሁ። ስለ ሩቅ አገር ወንዝ መናገር ይቀላል፤ ተናጋሪውን ማንም «አንተስ የት ነበርህ?» ብሎ አይጠይቀውምና።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማው በስተሰሜንና በስተሰሜን ምዕራብ ካሉት ተራሮች ይነሣሉ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ የምንላቸው ጅረቶች ከተማውን እየሰነጠቁ ወርደው ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላሉ። ሁለቱ ወንዞች አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ፣ በአዋሽም ወደ ቆቃ ይዘልቃሉ። እንግዲህ አንድ ሰው በአዲስ አበባ ከግቢው አውጥቶ የሚደፋው ነገር በዚያው የሚቀር አይደለም፤ መንገደኛ ነው።

ባለሙያዎች ስለ ሆንን አንድ ነጥብ በአኃዝ እንድመለከተው ይፈቀድልኝ። በባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ንጹሕ ውሃ እንኳ ሊይዝ የሚችለው 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ያልተጣራ የቤት ፍሳሽ በበኩሉ፣ በውስጡ ያለው ብስባሽ እስኪብላላ ድረስ፣ በአምስት ቀን ውስጥ በሊትር 300 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይሻል። ስለዚህ አንድ ሊትር ፍሳሽ ከ40 ሊትር በላይ የሚሆን የንጹሕ ወንዝ ውሃ ኦክሲጅን ጠራርጎ ይጨርሳል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ወንዞቻችን ያን ያህል ውሃ ከየት ያመጣሉ? በበጋ በአንዳንዱ ሥፍራ ወንዝ ብለን የምንጠራው ራሱ ፍሳሹ ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ያነበብነውን የማቅጠኛ ስሌት እንዳለ ወስደን ለአቃቂ ብንጠቀምበት የሚያሳስተን በዚህ ምክንያት ነው።

የቤት ፍሳሽ ከጊዜ ብዛት ይብላላል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈጃል፤ ከዚያ አንድ ቶን ውስጥ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከሩብ አይበልጥም። የቀረው ጠጉር፣ ስብ፣ ሥጋ፣ ጨውና ኖራ ነው። ጠጉሩን ለማራገፍ የሚገባው ሶዲየም ሰልፋይድ የዚያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ምንጭ ሲሆን፣ ለማልፊያ ከሚገባውም ክሮም በተለመደው አሠራር ሢሶው ያህሉ ቆዳው ሳይመጠው ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሮም አይበሰብስም። ከወንዙ ደለል ጋር ይቀመጥና ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቆስቁሶ በማሳው ላይ ያለብሰዋል።

ስለ ደረቅ ቆሻሻ ብዙ አልናገርም። ቆሼ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲከፈት ከሥሩ ማገጃ ሳይነጠፍለት ነውና፣ ከክምሩ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ መውረዱ የሚጠበቅ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ቆሻሻን ከዓይን ማራቅ ቆሻሻን ማስወገድ አለመሆኑን ለማወቅ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር።

በጎውንም መናገር ተገቢ ነው። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለማጣራት እንዲችል ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውም የወንዞች ዳርቻ ልማት በአንዳንድ ቦታ መልካቸውን ለውጧል። ነገር ግን ዳርቻው ተጠርቦ አበባ ስለ ተተከለበት ውሃው ጠርቷል ማለት አይደለም። መጸዳጃ ቤቱን በሥውር ከዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ጋር ያገናኘ ቤት እስካለ ድረስ ማጣሪያው ሊያጣራ የሚችለው የደረሰለትን ብቻ ነው።

ሕግም አልጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አውጇል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ታዲያ ጉድለቱ ወዴት ነው? በከፊል ከዚህ አዳራሽ ነው ብል እንዳትቀየሙኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በወጣትነቴ፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ለምርመራ ተልኬ ነበር። የማጣሪያ ገንዳው ከመድረቁ የተነሣ ሣር በቅሎበታል፤ ፍሳሹ በስተጓሮ በቱቦ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ያየሁትን ጻፍሁ። ጽሑፌ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ «ማጣሪያው መጠነኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ፈረምሁበት። ማንም አላስገደደኝም።

በዚያው ሰሞን ከፋብሪካው በታች ናሙና ስቀዳ፣ በወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ አንዲት አሮጊት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃው ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ውሃውን በጠርሙስ መውሰዱን በየዓመቱ ትወስዳላችሁ። ይህን ነው ያገኘንበት ብሎ የተመለሰ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ውጤቱ ለመሥሪያ ቤት ይቀርባል፣ እማማ» አልኋቸው።

«ቆስጣውን የምበላው እኔ ነኝ ወይስ መሥሪያ ቤቱ?»

መልስ አልነበረኝም።

በላፍቶ፣ በጎፋ፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚያለማው ገበሬ የከተማውን ገበያ የሚቀልብ ሰው ነው። ቅጠላ ቅጠል ከባድ ብረቶችን ከሥራ ሥር ይልቅ አብዝቶ እንደሚይዝ እኛ እናውቃለን፤ በባዶ እግር በፍሳሽ ውሃ ውስጥ መቆም ለአንጀት ጥገኛ ትሎች እንደሚያጋልጥም እናውቃለን። እርሱ ግን ይህን ከእኛ አልሰማም። ጽሑፎቻችን በእንግሊዝኛ ታትመው በመጻሕፍት ቤት ተቀምጠዋል።

«ውጤቱን ብንገልጽ ሕዝቡ ይደነግጣል፤ የገበሬውም ገበያ ይዘጋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ በከተማው በገባ ጊዜ ጥሬ አትክልት የሚደፍር ሰው አልነበረም፤ ኪሣራው የወደቀውም በአልሚው ላይ እንጂ በበካዩ ላይ አልነበረም። ነገር ግን ዝምታችን ገበሬውን ከኪሣራ አያድነውም፤ የሚከስረውን በገንዘብ ሳይሆን በጤናው ያደርገዋል እንጂ። ደግሞም የምንነግረው ክፉ ወሬ ብቻ አይደለም። ውሃውን በጉድጓድ አጠራቅሞ ማዝቀጥ፣ በቅጠሉ ሳይሆን በሥሩ ማጠጣት፣ ከመሰብሰቡ በፊት ለተወሰኑ ቀኖች መስኖውን ማቋረጥ ተውሳኩን በብዙ ይቀንሰዋል። ለክሮምና ለካድሚየም ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ማቆም የሚቻለው በፋብሪካው በር ላይ ብቻ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ልንነግረው ይገባል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የሥራ ስብሰባ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም የማኅበራችን አባል ከወንዝ ወይም ከማሳ ናሙና ሲወስድ፣ ውጤቱን በአንድ ወር ውስጥ በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ለዚያው ቦታ ሰዎች እንዲያደርስ፤ በሌላ ሰው እጅ የተለወጠ ጽሑፍ ላይም እንዳይፈርም፣ ባለመፈረሙ ችግር ቢደርስበት ማኅበሩ ከጎኑ እንዲቆም። የመጨረሻው ሐረግ ገንዘብና ድፍረት የሚጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክርክሩም በእርሱ ላይ እንዲሆን እመኛለሁ።

የእማማን መሬት ዛሬ ልጃቸው ያለማዋል። ባለፈው ጥር ከዚያው ቦታ የቀዳኋቸው የሁለት ጠርሙሶች ውጤት እነሆ በቦርሳዬ አለ። ከጉባኤው ማግሥት ይዤላቸው እወርዳለሁ፤ አብሮኝ ሊሄድ የሚፈቅድ ባልደረባ ቢገኝ መኪናው ሰፊ ነው።