ከፍርስራሽ ሥር የወጣ ድምፅ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው ሸክላ ለብዙዎቻችሁ ጆሮ ጩኸት እንጂ ዜማ እንደማይመስል እናውቃለን። ለእኛም በመጀመሪያ እንደዚያው ነበር። ሆኖም ጩኸቱ ከማን አፍ፣ ከየትስ አገር እንደ ወጣ ሳይጠይቁ መፍረድ ለተማሪ አይገባም።

ሴፑልቱራ የተባለው የሜታል ሙዚቃ ጓድ በ1984 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንናገራለን) በብራዚል፣ በቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ ተቋቋመ። ስሙ በፖርቱጋል ቋንቋ መቃብር ማለት ነው። መሥራቾቹ ወንድማማቾች ማክስና ኢጎር ካቫሌራ ገና አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አገራቸውም ከ1964 እስከ 1985 በወታደሮች አገዛዝ ሥር ነበረች።

በዚያን ጊዜ የዚህ ሙዚቃ ገበያ በአሜሪካና በአውሮፓ እጅ ነበር። ከብራዚል የመጣውን ማን ይሰማል? ልጆቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በአገራቸው ጥቂት ሸክላዎች ካወጡ በኋላ ሮድራነር የተባለው ኩባንያ ተቀበላቸው። በ1988 መጨረሻ ስኮት በርንስ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ከፍሎሪዳ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ መጣና ሌሊት ሌሊት እየሠሩ «ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ»ን ቀዱ፤ ትርጓሜውም «ከፍርስራሹ ሥር» ማለት ነው። በ1989 ሲወጣ ያስደነቀው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በዚያው ዓመት ጓዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ እየዞረ ተጫወተ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን፦ «የተሰሙት በእንግሊዝኛ ዘፍነው፣ በአሜሪካዊ እጅ ተቀድተው ነው፤ ታዲያ ይህ ድል ነው ወይስ ውሰት?» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፦ «ላላንኳኳ ማን ይከፍትለታል?» ሲል መለሰ።

የኋላው ታሪክ ለሁለቱም መልስ አለው። በ1996 በወጣው «ሩትስ»፣ ማለትም «ሥሮች»፣ የብራዚልን ከበሮ አስገቡ፤ እስከ ማቶ ግሮሶ ድረስ ሄደውም ከሻቫንቴ ሕዝብ ጋር አብረው ተጫወቱ። ዓለምም ጆሮውን አልነፈጋቸውም። ይሁን እንጂ በ1989 በሩ ባይከፈት ኖሮ ይህን ድምፅ ይዘው የሚገቡበት ቤት ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ተውሶ መቅረት ነው። በባዕድ ቋንቋ የምንማር እኛም ራሳችንን እንጠይቅ፦ በሩ ሲከፈትልን ይዘነው የምንገባው ምንድን ነው?