ተረኛ ሲቀየር አስታማሚ ትናገር

(በሳሪስ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ነርስ የሆነች አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ስለ ጤና ትናገራለች ሲባል ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የምመክራችሁ መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አንዷ ነርስ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ሌላዋ ስትገባ፣ በሽተኛው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍባት ሰዓት። በሥራችን ርክክብ እንላታለን።

ከመካከላችሁ በፋብሪካ በፈረቃ የሠራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ማሽኑን ለተረካቢዋ ሳትነግሪ ጥለሽ አትወጪም። «ይሄኛው ክር ይበጥሳል፣ ያኛው ይግላል» ትያታለሽ። ማሽን አፍ የለውም። የደከመ በሽተኛም እንደዚያው ነው፤ ሌላ ሰው ካልተናገረለት የሆነውን ሁሉ አይናገርም።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ሊነጋጋ ሲል ኢንሱሊናቸውን ወጋኋቸው። ወዲያው ከሌላ ክፍል ለድንገተኛ ስለጠሩኝ ወረቀታቸው ላይ ሳልጽፍ ሮጥኩ። ጠዋት ተረካቢዬ ስትመጣ ደክሞኛል፤ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብዬ ቸኩያለሁ። ኮሪደር ላይ እንደቆምን «ሁሉም ደህና ናቸው» አልኳትና ወጣሁ።

ተረካቢዬ ወረቀቱን ብታየው ባዶ ነው። መርፌውን አዘጋጅታ መጣች። አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ያደረችው ልጃቸው፣ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እማዬን የሌሊቷ ነርስ ወግታታለች እኮ። ሰዓቱንም ጽፌዋለሁ» አለቻት። በልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ ላይ ጽፋው ነበር። ሁለተኛው ቢወጋ ኖሮ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ፣ ሊሞቱም ይችሉ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቻለሁ።

ማታ ስገባ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ሄጄ እናትየውንም ልጃቸውንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ አልጋ በአልጋ እየዞርኩ፣ በሽተኛውና አስታማሚው እየሰሙ ሳላስረክብ ወጥቼ አላውቅም።

ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለታካሚዎች ደኅንነት ካወጣቸው 9 የመፍትሔ ሐሳቦች አንዱ ስለ ርክክብ ነው። ለጥያቄና ለመልስ በቂ ጊዜ ይሰጥ፣ የተነገረው ተደግሞ ይረጋገጥ፣ ታካሚውና ቤተሰቡም ይሳተፉ ይላል። በአሜሪካና በካናዳ በ9 ሆስፒታሎች የሕፃናት ሐኪሞች በአንድ ሥርዓት እንዲረካከቡ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውጤት የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳትም በ30 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ርክክቡ የወሰደው ጊዜ ግን ያን ያህል አልጨመረም። «ጊዜ የለንም» ለምንል ለእኛ ለነርሶች ይህ በቂ መልስ ነው።

ከርክክብ ዘዴዎች አንዱ ኤስባር ይባላል። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የመጣ ነው። በእኛ አነጋገር አራት ጥያቄ ነው፦ አሁን ምን ገጠማቸው? ከዚህ በፊት ምን ነበረባቸው፣ ምንስ ተደረገላቸው? አሁን እንዴት ይታዩሻል? ቀጥሎ ምን ይደረግ?

እህቶቼ፣ በአገራችን በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይተኛም፤ አስታማሚዋም ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ነርሶች ሲቀያየሩ እሷ እዚያው ናት። ደግሞ እኛም ፈረቃ አለን። አንዷ ታድራለች፣ ጠዋት ሌላዋ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። በር ላይ ተሳስመን «እንዴት አደረች?» «ተመስገን፣ ደህና» ተባብለን እንለያያለን። እሱ ሰላምታ ነው፤ ርክክብ ገና ይቀረዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አባላችን ስትተኛ አንድ ደብተር አብሯት ይግባ። መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት፣ የበላችው፣ የማይስማማት መድኃኒትና የሐኪሙ ትእዛዝ ይጻፍበት። አዳሪዋ ስትወጣ ደብተሩ እዚያው ይቅር። ሁለተኛ፣ ነርሶቹ ሲረካከቡ ቀረብ በሉ። የምትቆጣ ነርስ እንዳለች አልክድም። ቢሆንም «ሲስተር፣ እንዳልረሳው ጽፌዋለሁ፣ ልንገርዎት?» ስትባል ጆሮዋን የምትነሳ ጥቂት ናት። ሦስተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉ፣ የሪፈር ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ። እሱም ርክክብ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ማኅበሩ ለታመመች አባል የሚይዘው ስንቅ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይጨመርልን። ዋጋው ትንሽ ነው። እኚያን እናት ያተረፈቻቸው እንዲህ ያለ ደብተር ነበረች።