የምትሮጥ ልጅን ፎቶ ማንሳት

(በፑኝዶ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ፎቶ ሥራሽ ንገሪን» ስትለኝ ስለ ስልኩና ስለ ካሜራው ልነግራችሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ ከጥፋቴ መጀመር አለብኝ። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለት ዓመት ሆኖታል። የተማሪዎች የስፖርት ውድድር ነበር። ማኅበራችን ለሯጮቹ ውኃና ጫማ ስላቀረበ፣ ለሪፖርቱ ፎቶ እንዳነሳ በቁጠባችን የገዛነው ስልክ ተሰጠኝ። የአንዷ አባላችን ልጅ ርዝመት ዝላይ ልትዘል ተራዋን ትጠብቃለች። የለበሰችው የትምህርት ቤት ቀሚሷን ነው፤ የስፖርት ልብስ አልነበራትም። እኔ ደግሞ «ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ሰው የሚበር ይመስላል» ሲባል ሰምቼ ከአሸዋው ፊት ለፊት በሆዴ ተኛሁ። ልጅቷ ዘለለች፤ ፎቶውም ወጣ። በእርግጥም የምትበር ትመስላለች። ፊቷ ግን ከኋላዋ ካለው ሰማይ የተነሳ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። ቀሚሷም ተገልቦ ነበር። እኔ ያየሁት ከፍታዋን ብቻ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ላክሁት።

ፎቶው ከሪፖርቱ ወጥቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በሳምንቱ እናቷ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እንቢ አለች። «ፊቷ አይታይም። መታየት የሌለበት ግን ይታያል። የኔ ልጅ ይህቺ ናት?» አለችኝ። ልጅቷ ያን ዓመት ሁለተኛ አልዘለለችም።

ስልኩን ለመመለስ ይዤ መጣሁ። እናንተ ግን አልተቀበላችሁኝም፤ «ተማሪበት» አላችሁኝ። ስለዚህ የተማርኩትን ዛሬ ለእናንተ መልሼ አስረክባለሁ።

መጀመሪያ የተማርኩት ስለ ፊት ነው። ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ደምሮ መካከለኛውን ይፈልጋል። ከሯጯ ጀርባ የሚያበራ ሰማይ ካለ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ፎቶውን በሙሉ ያጨልመዋል። ያን ጊዜ እንደኛ ጠቆር ያለ ፊት ይጠፋል። ብዙዎቻችን «እኛ ፎቶ አይወጣልንም» እንላለን። ጥፋቱ የቆዳችን አይደለም። ድሮ የቀለም ፊልም በነበረበት ዘመን ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት፣ ኮዳክ የሚያድለው የሙከራ ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ሌላው ሰው ሁሉ በእሷ ልክ ይታተም ነበር። ዛሬ ማስተካከያው በእጃችን ነው። የስልኩ መስታወት ላይ የሰውየዋን ፊት በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙት፤ ከጎኑ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ግፏት። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። እናት የምትፈልገው የልጇን ፊት እንጂ ደመናውን አይደለም።

ሰዓትም መምረጥ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ስትቆም ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ፊት ያበራል። ያ ሰዓት ደግሞ ለሯጮቹም የሚቀዘቅዝ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አንዲት ልጅ 100 ሜትርን በ14 ሰከንድ ብትሮጥ በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል ትሄዳለች። የካሜራው ሸተር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መስኮት፣ ለሃምሳኛ ሰከንድ ክፍት ቢቆይ በዚያች ቅጽበት ውስጥ 14 ሳንቲ ሜትር ተጉዛለች። ስለዚህ ፎቶው እንደ ጭስ ይሆናል። ለሺህኛ ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ግን የምትጓዘው 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ላቧ ሳይቀር ይታያል። ሸተሩ እንዲህ ለአጭር ጊዜ ሲከፈት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በስልክ የምታነሱ ከዛፍ ጥላ ውጡ፤ አንድ ፎቶ ከመጠበቅም ተከታታይ ፎቶ አንሱ።

ቅጽበት ስል የሲድኒው ውድድር ትዝ ይለኛል። መስከረም 1993 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴና የኬንያው ፖል ቴርጋት ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጠው የተለያዩት በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ዓይን በሚርገበገብበት ጊዜ ውስጥ ወርቁ ባለቤት አገኘ። ያችን ቅጽበት የሚይዝ ሰው አስቀድሞ የት እንደሚቆም ያወቀ ሰው ነው።

ሦስተኛው እንግዲህ መቆሚያ ነው። ሯጭን እያሳደዳችሁ አታንሱ። የምትደርስበትን ቦታ ምረጡና እዚያ ጠብቋት። ለርዝመት ዝላይ ከአሸዋው ጎን፣ ራቅ ብላችሁ፣ በደረት ከፍታ ቁሙ። መነሻዋን ጣውላ በጣታችሁ ነክታችሁ ካሜራው እዚያ ላይ እንዲያተኩር አድርጉ። ከጎን ስትነሳ ርቀቷ ይታያል፣ ፊቷ ይታያል፣ ክብሯም አይነካም። በሆድ መተኛት አያስፈልግም። ይህን በሁለት ዓመት ኪሳራ ነው የገዛሁት።

ከውድድሩ ቀን በፊት ልምምዳቸውን ሄዳችሁ እዩ። ሁሉም ሰው አሯሯጡ የራሱ ነው። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ እጁን ወደ ደረቱ አጠፍ ያደርግ ነበር፤ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ከመሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። የእኛም ልጆች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። አንዷ ስትነሳ ምላሷን ትነክሳለች፤ ሌላዋ መታጠፊያው ላይ ትከሻዋን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን ያወቀ ሰው መቼ መጫን እንዳለበት ያውቃል።

እግር አትቁረጡ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ መንገዱ መሽቶ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ያን ምሽት ያነሱት ሰዎች ከወገቡ በላይ ብቻ ቢያነሱት ኖሮ ዓለም ባዶ እግሩን አያይም ነበር። የእኛ ልጆች ጫማ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም የሮጡት በእግራቸው ነው።

መስመሩን ሲያልፉም ካሜራችሁን አታውርዱ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን መስመሩን ያለፈችበትን ብቻ አይደለም። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ነጭ ሯጭ ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸውን ነው። ቸኩሎ ካሜራውን ያጠፋ ሰው ያን አላገኘም። እዚህ ፑኝዶም ከከተማው የመጣችው ልጅና ከስደተኞች ካምፕ የመጣችው ልጅ ሮጠው ሲጨርሱ አንዱን የውኃ ጠርሙስ ሲካፈሉ አይቻለሁ። ያ ፎቶ ከአሸናፊዋ ፎቶ አያንስም።

የመጨረሻው ስምና ፈቃድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳተፍ ከአሥሩ አባላት አምስቱ በኬንያ ካኩማ ካምፕ ያደጉ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ። ባንዲራውን ይዛ የገባችው ከእነሱ አንዷ፣ የ800 ሜትር ሯጯ ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን ናት። ፎቶዋ ሲወጣ በስሟ ወጣ፤ «አንዲት ስደተኛ» ተብላ አልቀረችም። ለአዋቂ ሰው ስም ክብር ነው። ለትንሽ ልጅ ግን ስም ማውጣት አደጋም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚወስኑት እሷና እናቷ እንጂ እኔ አይደለሁም።

እህቶቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማናቸውም ልጅ ፎቶ ልጅቷና እናቷ በዓይናቸው አይተው «ይሁን» ሳይሉ ከስልኩ አይውጣ። ሁለተኛ፣ ከሚመጣው ዓመት ቁጠባችን ላይ ለሴት ልጆቹ የስፖርት ቁምጣና ቲሸርት እናሰፋ። የእኔ ጥፋት ግማሹ የካሜራ ነበር፤ ግማሹ ግን ልጅቷ በቀሚስ መዝለሏ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነው። ፎቶ ስትጠይቁን ጊዜ ስጡን። እናት ከእርሻ እስክትመለስ፣ አይታ እስክትወስን ድረስ ጠብቁን። ዘግይቶ የመጣ ፎቶ ከሰነፍ ሰው የመጣ አይምሰላችሁ። አንዳንዴም ፎቶ ላይመጣ ይችላል፤ ልጅቷ ግን ሮጣለች።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ ወደ ሜዳው ተመልሳለች። እናቷ እንድትዘል ፈቅዳለች፤ ፎቶ እንዳነሳት ግን ገና አልፈቀደችም። ስለዚህ በውድድሩ ቀን ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ከእናቷ ጎን ቆምኩ። ተራዋ ሲደርስ ሁለታችንም አጨበጨብን። የዘለለችውን ርቀት ዳኛው ሜትር ዘርግቶ ሲለካ እናቷ ክንዴን ጨብጣ ይዛ ነበር። የዚያን ቀን ፎቶ የለኝም፤ ለሪፖርቱ የምሰጠው ይህን ቃል ብቻ ነው።