የአሮጌው ዶሮ ቤት ዕቃና አዲሶቹ ጫጩቶች

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዲያቆን ስለ ጫጩት ሲናገር መስማት ለአንዳንድ አባቶች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ዜማውን ትቶ ዶሮ ቤት ገባ የሚሉም አይጠፉም። ነገር ግን ዛሬ የምንናገረው ተበድረው ከከፈሉ በኋላ ጫጩታቸው ስላለቀባቸው እናቶች ነውና ጉዳዩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀ አይደለም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ስሟን መጥራት በማያስፈልገን አንዲት አጥቢያ፣ በቀደመ ፕሮጀክት የተሠራ ዶሮ ቤት ነበረ። ፕሮጀክቱ ካበቃ ዓመታት ቢያልፉም ቤቱ ከነዕቃው ቆሞ ነበር፤ ኬጅ የሚባሉት የሽቦ ቤቶች፣ ረጃጅም የቆርቆሮ መመገቢያዎች፣ የፕላስቲክ ውኃ መጠጫዎች፣ አንድ የላምባ ማሞቂያና መቆጣጠሪያው የተቃጠለ የዕንቁላል መፈልፈያ ማሽን በውስጡ ነበሩ። ኮሚቴው «ዕቃው እያለ ስለ ምን አዲስ ይገዛል?» አለ። እኛም ቁጠባው ደስ ብሎን ተስማማን። ለዕቃ ተይዞ የነበረውን ገንዘብ ወደ ጫጩት መግዣ አዛወርንና 200 ተብሎ የታቀደውን 300 አደረግነው። ፊርማው የእኛ ነው።

ዕቃው በጨርቅ ተወለወለ፤ ቤቱ ተጠረገ፤ ጫጩቶቹም ገቡ። ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም መልካም ነበር። በ19ኛው ቀን ግን ገለባው ላይ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ታየ። ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን አቁመው በየጥጉ ይከማቹ ጀመር። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጥተው አንዲቱን የሞተች ጫጩት ከፍተው ዕውር አንጀቷ በደም መሞላቱን አሳዩንና ኮክሲዲዮሲስ መሆኑን ነገሩን። ከዚያም ቀና ብለው ኬጆቹን አዩና «እዚህ ላይ ማን ነበር የሚያድረው?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱን ጥበቃው ሰጡ። ቤቱ ባዶ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ የሰፈሩ ዶሮዎች በተሰበረው መስኮት እየገቡ በኬጆቹ ላይ ሲያድሩ ኖረዋል። እኛ የወለወልነው አቧራውን እንጂ የዓመታቱን ኩስ አልነበረም። መጠጫዎቹም ስንጥቅ ስለ ነበሩ ገለባውን ያርሱት ነበር፤ ይህ በሽታ ደግሞ የሚበረታው በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው።

በውኃ የሚሰጠው መድኃኒት ቢደርስም ከግማሽ በላዩ አለቀ። ጫጩቶቹን በ45 ቀናቸው ሊረከቡ የነበሩ 12 እናቶች ነበሩ። ከአጥቢያው የቁጠባ ማኅበር ተበድረው ግማሹን ዋጋ አስቀድመው ከፍለዋል። ከእነርሱ አንዲቱ «ጫጩቱን ሳላየው ዕዳውን አየሁት» አሉን። ለዚህ የሰጠነው መልስ አልነበረም።

እንግዲህ አሮጌ ዕቃ አይጠቅምም ልንል አይደለም። በየአጥቢያው የተከማቸው የዶሮ ዕቃ ብዙ ነው፤ ሁሉን ጥሎ አዲስ መግዛትም ለድሃ አጥቢያ የሚቻል አይደለም። በሁለተኛው ዙር ያደረግነው ዕቃውን በሙሉ ወደ ፀሐይ አውጥቶ፣ በኮሚቴው ፊት አንድ በአንድ እያነሡ ምን እንደሚሆን መወሰን ነበር። ይህም በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነውና ያለ ውሳኔ ሽቦም ቢሆን አይቆረጥም።

የቆርቆሮ መመገቢያዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብረት ስለ ሆኑ ማጽዳት ይቻላል፤ ከላይ የሚሽከረከር ዘንግ ስላላቸውም ዶሮዎቹ መኖው ላይ እንዳይቆሙ ይከለክላሉ። ይሁን እንጂ ለትልልቅ ዶሮዎች የተሠሩ ናቸውና ለጫጩት ከፍ ይላሉ፤ ከአራተኛው ሳምንት በፊት አላስገባናቸውም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች መኖውን በካርቶን ላይ በትነን፣ ካርቶኑን በየዕለቱ አቃጠልን። ከወረቀት የተሠራ የዕንቁላል ትሪም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከቆሸሸ የሚያጸዳው ነገር ስለሌለ ከሌላ ዶሮ ቤት የመጣውን አትቀበሉ። የፕላስቲክ መጠጫዎቹን በተመለከተ ስንጥቆቹን ጣልናቸው፤ ደህናዎቹ ጠርዛቸው ጥልቅ ስለ ሆነ ጫጩት ገብታ እንዳትሰጥም የታጠበ ጠጠር ደረደርንባቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር በውኃ የሞቱብን ነበሩ።

ኬጆቹን ግን ወደ ቀደመ ሥራቸው አልመለስናቸውም። ቀጭን የጫጩት እግር በሽቦው ቀዳዳ ይያዛልና። ሽቦውን ፈታተን በእሳት ለበለብነውና ለመስኮትና ለበር መከለያ አደረግነው። ሸለምጥማጥና ድመት በደጋው ትልቁ ጠላታችን ስለ ሆኑ ይህ ሽቦ ከኬጅነቱ ይልቅ በመከለያነቱ ጠቅሞናል። የመፈልፈያ ማሽኑ ጉዳይ አከራከረን። አንዳንድ ወንድሞች እንጠግነውና ራሳችን እንፈልፍል አሉ። ዕንቁላል ለ21 ቀን በ37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መቆየት፣ እርጥበቱም መመጠን፣ በቀን ብዙ ጊዜም መገላበጥ ይኖርበታል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ የሚያከስር ምኞት ነው ብለን ተከራከርን፤ ኮሚቴውም ተቀበለን። የማሽኑን ድርብ ጣውላ ግድግዳ አናጢው ፈትቶ ሁለት የሣር ሣጥን ሠራበት፤ ስለ እርሱ ወደ ታች እንመለሳለን። የላምባ ማሞቂያው የተረፈው ብረት ብቻ ስለ ነበረ ከስንጥቁና ከዛገው ሁሉ ጋር ለቁራሌው ተሸጠ።

አንድ በርሜል ነበረ፤ ክዳኑ ደህና፣ ለመኖ ማስቀመጫ የሚመች። በጎኑ ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ምልክት ስለ ነበረ አልነካነውም። እንዲህ ያለ በርሜል ምን ያህል ቢታጠብ ለመኖም ለውኃም አይሆንም።

ስለ አጸዳዱ ጥቂት እንበል፤ የወደቅንበት በዚህ ነውና። በረኪና ሁሉን ያጸዳል የሚል እምነት በየቦታው አለ። በመጀመሪያ፣ ኩስ ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ኩሱ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ከዚያ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ማድረቅ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የኮክሲዲዮሲስ ተሐዋሲ ዕንቁላል መሰል ሽፋን ስላለው በረኪና አይገድለውም። እርሱን የሚያጠፋው የፈላ ውኃ፣ እሳትና ፍጹም መድረቅ ነው። እኛም ብረቱን በእሳት፣ ፕላስቲኩን በሙቅ ውኃና በብዙ ቀን ፀሐይ፣ ግድግዳውን በኖራ አደረግን፤ የወለሉን አፈር ጠርበን አውጥተን በአዲስ ደለደልነው። ቤቱም ሦስት ሳምንት ባዶውን ተዘግቶ ቆየ። ኮሚቴው በዚህ ተሰላችቶ ነበር፤ ሆኖም ሦስት ሳምንት ከዕዳ ይሻላል።

ወደ ግዢው እንምጣ። የአንድ ቀን ጫጩት ከመፈልፈሏ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ ስለምትስብ ሁለት ሦስት ቀን በመንገድ ልትቆይ ትችላለች፤ ይህ ግን ለችግር ጊዜ እንጂ ለልማድ አይደለም። ስትረከቡ ሣጥኑን ክፈቱ፤ ዐይኗ የጠራ፣ እምብርቷ የተዘጋና የደረቀ፣ ከኋላዋ ያልተለጠፈባት፣ በእግሯ ጸንታ የምትቆም ትሁን። በፈልፋዩ ቤት የተሰጠውን ክትባት በጽሑፍ ጠይቁ። ለዕንቁላል የሚሆኑትን እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉትን ስትገዙ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ መሆኑን ዕወቁ፤ ለዕንቁላል ብለን ከፍለን ግማሹ ወንድ የሆነ ሣጥን ከአንድ ነጋዴ ተረክበን እናውቃለን፤ ሣጥኑን ከፍተን ባየነው ኖሮ በዚያው በመለስነው ነበር። ለሥጋም ለዕንቁላልም ከሆነ ሳሶና ኮኮክ ለገጠር ቤት ይስማማሉ።

በቤት ውስጥ ልምድ ለሌላቸው እናቶች የአንድ ቀን ጫጩት በቀጥታ ማደል ትክክል አይመስለንም። የሞት ጊዜው የመጀመሪያው ስድስት ሳምንት ነውና ይህን ዘመን አጥቢያው በአንድ ቦታ፣ በሠለጠኑ ሁለት አሳዳጊዎች ያሳልፈው፤ እናቶች የ45 ቀኑን ይረከቡ። መኖው ደግሞ ጫጩቱ ሳይመጣ ይገዛ፤ አንዲት የዕንቁላል ዝርያ ጫጩት እስከ 8 ሳምንቷ ወደ 2 ኪሎ ግራም ትፈጃለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞ ሜትር ባይኖር ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ከአምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰበሰቡ ከሌላው ወገን ነፋስ ይገባል። በካርቶን ወይም በላሜራ ክብ አጥር አድርጉላቸው፤ ጥግ ካለ እዚያ ተደራርበው ይታፈናሉ። መብራት በሌለበት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ማስገባት ጫጩቱንም አሳዳጊውንም ይገድላል። በዚህ ፈንታ የሣር ሣጥኑ አለ፤ በጎንና በጎኑ ደረቅ ሣር የታጨቀበት፣ ከላይ ሣር በተሞላ ጆንያ የሚከደን፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ነው። ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው ያድራሉ፤ ቀን ወደ ተያያዘው አጥር ይወጣሉ። ሣሩ እንደ ረጠበ ወዲያው መለወጥ አለበት።

አሁን አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ወደሚያውቁት ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም ባሕረ ሐሳብ ነው። ከፕሮጀክት ሰነዶቻችን በአንዱም ላይ አጽዋማት ተጽፈው አላየንም፤ ገበያው ግን በእነርሱ ይወጣል ይወርዳል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የዕንቁላል ገዢ ይጠፋል፤ ዶሮዋ ግን ጾም ነው ብላ ዕንቁላሏን አታቆምም። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ለፋሲካ የሚሸጥ የሳሶ አውራ ዶሮ 4 ወር ያህል ስለሚፈልግ ጫጩቱ እንደየዓመቱ ከኅዳር 26 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ መግባት አለበት። ለዕንቁላል የሚገዛው ደግሞ መጣል የሚጀምረው በ5 ወሩ ገደማ ነውና፣ ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 30 ባለው ጊዜ ቢገባ የመጀመሪያው ዕንቁላል ከፍስክ ጋር ይገናኛል። በእነዚህ ወራት ደጋው ውርጭ ነው፤ ስለዚህ ለሙቀት የሚወጣው ወጪ አብሮ ይታሰብ። በየዓመቱ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሲነገር የጫጩቱ ቀን በዚያው ዕለት ቢቆጠር ምንኛ መልካም ነበር!

ስለ ፈንግል ረጅም አንናገርም፤ የክትባቱን ቀን ከወረዳችሁ ሐኪም ተቀበሉ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በአንድ ቀን መሰብሰብ አለበት። ይህንም ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ ካህኑ ቢናገሩት ከእኛ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

በሁለተኛው ዙር የገዛነው 150 ብቻ ነበር፤ በ45ኛው ቀን 141 ቆጠርን። የ12ቱ እናቶች ዕዳ ግን ገና አልተዘጋም። ከቁራሌው የተገኘው ገንዘብ ወደ ቁጠባ ማኅበሩ ገብቶ የተወሰነውን ከፍሏል፤ ቀሪውን ኮሚቴው ከአውራ ዶሮዎቹ ሽያጭ ሊከፍል ወስኗል፤ ጽሕፈት ቤታችንም በገባው ቃል መሠረት የድርሻውን ይጨምራል። ከእንግዲህ በሚፈረመው ውል ሦስተኛው አንቀጽ ጫጩት እስከ 45 ቀን ድረስ ቢሞት ኪሳራው የአጥቢያውና የጽሕፈት ቤቱ እንጂ የእናቶች እንዳይሆን ይደነግጋል፤ ቅድመ ክፍያም አይጠየቅም። ይህ አንቀጽ ከባድ ነው የሚል ኮሚቴ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ስለዚህ የውሉን ቅጂ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ወስዳችሁ፣ ከሰበካ ጉባኤያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ፣ የማትስማሙበትን በጽሑፍ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።