የቁርጥ ንድፍ አሣሣልና አነባበብ



እንደሚታወቀው፣ የአንድ መኪና ክፍል በውጭ ገጹ ሲነደፍ፣ የማይታዩት ጠርዞች በተቆራረጠ መስመር ይመለከታሉ። ውስጡ ቀላል ከሆነ ይህ ይበቃል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሲደራረብ ግን መስመሮቹ እየተጠላለፉ አንባቢውን ያደናግራሉ። ስለዚህ ነዳፊው ዕቃውን በሐሳብ ይቆርጣል፤ በፊቱ ያለውን ክፍል አንሥቶ የቀረውን ይሥላል። መቁረጫው ጠለል የነካው ብረት፣ ዘወትር በ45 ዲግሪ ባዘነበሉ ቀጫጭን መስመሮች ይሰመራል፤ ባዶው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ቁርጡ የሐሳብ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ዕይታዎች ሙሉውን ዕቃ ማሳየት አለባቸው። በመቁረጫው መስመር ጫፎች ያሉት ቀስቶችም ተመልካቹ ወዴት እንደሚያይ ያመለክታሉ። የተገጣጠሙ ክፍሎች አብረው ሲቆረጡ፣ የአንዱ ሰያፍ መስመር ወደ ቀኝ ካዘነበለ የጎረቤቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የአንድ ክፍል አሰማመር ግን በየሥፍራው አይለወጥም።

ይሁን እንጂ ጠለሉ የነካው ሁሉ አይሰመርም። ሻፍት፣ ብሎን፣ ኪያቬታና ማጠንከሪያ ክንፍ በርዝመታቸው ሲቆረጡ ሳይሰመሩ ይታለፋሉ። ጀማሪ ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በቁጥር ይገለጣል።

ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩሽኔታ ቤት፣ ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መሠረት ላይ ቆሟል እንበል። አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፎች ይደግፉታል፤ የእያንዳንዱ ቁመትና ወርድ 70፣ ውፍረቱም 10 ሚሊ ሜትር ነው። ጠለሉ በሁለቱ ክንፎች መካከል ለመካከል ሲያልፍ ክንፎቹ ከተሰመሩ፣ ሥዕሉ ቤቱን የከበበ ድፍን ሾጣጣ ይመስላል። የአራቱ ክንፎች ይዘት 98 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የድፍኑ 821 ያህል ነው። ቀልጦ በሚፈስ ብረት ሲመዘን ልዩነቱ ከ0.7 ወደ 5.9 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከብክነቱም የከፋ አለ፤ ወፍራሙ ሥፍራ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ እየተኰማተረ በውስጡ ባዶ ጉድጓድ ሊፈጥር ይችላል።

ስለሆነም አንባቢው ቁርጡን ከላይ ዕይታው ጋር ሳያስተያይ ቅርጹን መወሰን የለበትም። ነዳፊው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ቆሞ አያስረዳም፤ በእርሱ ፋንታ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። በንድፉ ላይ የሚፈርም መሐንዲስም ከመፈረሙ በፊት፣ ወረቀቱን በብረት አፍሳሹ ዓይን ሊያነበው ይገባዋል።